ከቅንፉ ውስጥ ወይስ ከቅንፉ ውጪ? የኤስኪውኤል «ኦርደር ባይ» ለምን ያደናግራል

እስቲ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚገኝ የመረጃ ቋት በምናባችን እንሳል። በቋቱ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች የአክታ ምርመራ ውጤት የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ አለ፤ ዓምዶቹም የካርድ ቁጥር፣ የምርመራ ቀንና ውጤት ናቸው። አንዲት ሕመምተኛ ሕክምና ስትጀምር ውጤቷ ፖዘቲቭ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ኔጋቲቭ ሆነ፤ በአምስተኛውም ወር እንዲሁ ኔጋቲቭ። ይህ የመዳን መንገድ ነው። ሐኪሙ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ታሪክ በአንድ መስመር ማየት ቢፈልግ የመረጃ ባለሙያው ውጤቶቹን በካርድ ቁጥር አሰባስቦና በድርብ ሰረዝ አያይዞ እንዲህ የሚል መጠይቅ ሊጽፍ ይችላል፦

ሰሌክት ካርድ, ስትሪንግ_አግ(ውጤት, '፤ ' ኦርደር ባይ ውጤት) ፍሮም ምርመራ ግሩፕ ባይ ካርድ

(ቃላቱን እዚህ በራሳችን ፊደል ጻፍናቸው እንጂ ለመሣሪያው የሚቀርቡት በላቲን ፊደል ነው።) መጠይቁ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ይሠራል። የሚመጣው መስመር ግን «ኔጋቲቭ፤ ኔጋቲቭ፤ ፖዘቲቭ» የሚል ነው፤ ምክንያቱም ድርደራው የተካሄደው በምርመራው ቀን ሳይሆን በውጤቱ ፊደል ነው። «ነ» ከ«ፐ» ትቀድማለች። ሐኪሙ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጊዜ ሂደት ካነበበው፣ በአምስተኛው ወር ባሲሉ እንደታየ አድርጎ ይረዳዋል፤ ይህም ሕክምናው አልሠራም ወደሚል ጥርጣሬ የሚያመራ ምልክት ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው። ድርደራው በፊደል ቁልቁል ቢሆን ኖሮ፣ ሕመሙ ያገረሸበት ሰው ሁሉ በወረቀቱ ላይ የዳነ ይመስል ነበር።

መፍትሔው አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ነው፤ «ኦርደር ባይ ውጤት» የሚለውን «ኦርደር ባይ ቀን» ማድረግ። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስለ ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል? መልሱ በአጭሩ፣ ይህ «ኦርደር ባይ» የሚባለው ሐረግ በኤስኪውኤል ቋንቋ ውስጥ ቢያንስ በአራት ቦታ ስለሚገባና በእያንዳንዱ ቦታ ሌላ ሥራ ስለሚሠራ ነው። በዚህም ላይ በብዙ ማስተማሪያዎች የሚሰጠው ምሳሌ ስምን በስም መደርደር ነው። ተማሪው የሚያያይዘው ዓምድና የሚደረድርበት ዓምድ አንድ መሆን ያለባቸው ይመስለዋል፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ምሳሌው ራሱ ደብቆበታል።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በዝምድና መልክ የማደራጀትን ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሠንጠረዥን የተመለከተው እንደ ሒሳባዊ ስብስብ ነበር። ስብስብ ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። የሦስት ተማሪዎች ስብስብ ማንም ቢቀድም ያው ስብስብ ነው። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቁት የመጠይቅ ቋንቋ፣ ማለትም የዛሬው ኤስኪውኤል አባት፣ በዚህ ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በቋንቋው መጨረሻ ላይ የሚገባው የታወቀው «ኦርደር ባይ» ለሰው ዓይን የተሰጠ ችሮታ ነው ቢባል አይበዛም፤ ሥራው ሁሉ ካበቃ በኋላ ውጤቱን አሰልፎ ለማሳየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ቋንቋው ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ ሲወጣለት የነበሩት የማጠቃለያ ፈንክሽኖች አምስት ነበሩ፤ መቁጠሪያው፣ መደመሪያው፣ አማካዩ፣ ትንሹንና ትልቁን ፈላጊዎቹ። አምስቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ግብዓታቸው በማናቸውም ቅደም ተከተል ቢመጣ ውጤታቸው አይለወጥም። 3 ሲደመር 5 እና 5 ሲደመር 3 ያው 8 ነው። እንግዲህ ቋንቋው ሲወለድ «ፈንክሽኑ ረድፎቹን በምን ተራ ይቀበላቸው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ስለዚህም ለጥያቄው የሚሆን ቦታ አልተዘጋጀለትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጨረፍታ እንለፍ፤ መደመር እንኳ በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥሮች ሲሆን ከዚህ ጠባይ ያፈነግጣል። በ64 ቢት ስሌት በ10,000,000,000,000,000 ላይ 1 ደምረን ያንኑ ትልቅ ቁጥር ብንቀንስ ውጤቱ 0 ነው። መጀመሪያ ቀንሰን ኋላ 1 ብንደምር ግን 1 ይሆናል።

ችግሩ ገሃድ የወጣው ጽሑፎችን የሚያያይዙና ዝርዝር የሚሠሩ ፈንክሽኖች ሲመጡ ነው። በእነዚህ ዘንድ ቅደም ተከተል የመልሱ አካል ነው። «ሀና፤ ለማ» እና «ለማ፤ ሀና» ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ቤቱ ሲሠራ ያልታሰበ ክፍል በኋላ ሲቀጠል እንደሚሆነው ሁሉ፣ እያንዳንዱ አምራች በመሰለው በኩል በር ከፈተ።

ማይኤስኪውኤል በ4.1 እትሙ ያመጣው ግሩፕ_ኮንካት ሁሉንም ነገር ከቅንፉ ውስጥ አስገባ፤ መጀመሪያ የሚያያዘው ነገር፣ ቀጥሎ «ኦርደር ባይ»፣ በመጨረሻ «ሴፓሬተር» በሚል ቃል የተቀደመ ማያያዣ። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 9.0 እትሙ ስትሪንግ_አግን ሲያመጣ እርሱም «ኦርደር ባይ»ን ከቅንፉ ውስጥ አደረገ፤ ማያያዣው ግን ከእርሱ በፊት፣ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ እንዲገባ ወሰነ። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሊስትአግና የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጣው ስትሪንግ_አግ ደግሞ ቅንፉን ዘግተው ከውጪ «ዊዚን ግሩፕ (ኦርደር ባይ …)» የሚል ሌላ ቅንፍ ይከፍታሉ። ኤስኪውኤላይት ለረጅም ዘመን ምንም አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ3.44 እትሙ ከቅንፉ ውስጥ የሚገባውን ተቀበለ።

ልብ በሉ፤ በፖስትግሬስና በኤስኪውኤል ሰርቨር የፈንክሽኑ ስም አንድ ነው፣ የሚሠራውም ሥራ አንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉ የሚጻፍበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

አምራቾች ቢለያዩ ምን ይደንቃል፣ ደረጃው ሊያስማማቸው ይገባ ነበር የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አሳዛኙ ነገር ደረጃው ራሱ ከራሱ ጋር አለመስማማቱ ነው። የኤክስኤምኤል ቁርጥራጮችን የሚሰበስበው ፈንክሽንና ዝርዝር የሚሠራው አሬይ_አግ በደረጃው «ኦርደር ባይ»ን ከቅንፋቸው ውስጥ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደረጃው ሊስትአግን ሲያጸድቅ ግን የኦራክልን መንገድ ተከትሎ ከውጪ በ«ዊዚን ግሩፕ» አደረገው። ረድፎችን አሰልፎ ወደ አንድ የሚሰበስብ አንድ ዓይነት ሥራ፣ በአንድ ሰነድ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት አገባብ ተሰጠው።

በልዩነቱ ላይ የማነሣው ቅሬታ የማስታወስ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ገልጦ ማየት ይበቃ ነበር። ዋናው አደጋ አንዱ አገባብ ወደ ሌላው ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ተብሎ አለመመለሱ ነው። በፖስትግሬስ ትክክል የሆነውን ስትሪንግ_አግ(ስም, '፤ ' ኦርደር ባይ ስም) የሚለውን ወስደን፣ የፈንክሽኑን ስም ብቻ ለውጠን ለማይኤስኪውኤል ብንሰጠው መጠይቁ ይሠራል። ማይኤስኪውኤል ግን በነጠላ ሰረዝ የተለዩትን ሁለት ነገሮች ሁለቱንም የሚያያዙ ጽሑፎች ናቸው ብሎ ይወስዳቸዋል፤ በመካከላቸውም የራሱን ነጠላ ሰረዝ ይጨምራል። የሚመጣው «ሀና፤ ,ለማ፤ ,መሠረት፤ » የሚል ዝብርቅርቅ ነው። ይህኛው ቢያንስ በዓይን ይታያል።

የማይታየው ሌላኛው ነው። ተማሪው «ኦርደር ባይ»ን ከሚያያዘው ስም ጎን ማድረግ ተፈጥሯዊ መስሎት ስትሪንግ_አግ(ስም ኦርደር ባይ ስም, '፤ ') ብሎ ቢጽፍስ? ነጠላ ሰረዙ አሁን የማን ነው? በቋንቋው ሰዋስው መሠረት ከ«ኦርደር ባይ» በኋላ የሚመጣ ነጠላ ሰረዝ የሚለየው የድርደራ ቁልፎችን ነው። ስለዚህ መሣሪያው የሚያነበው «መጀመሪያ በስም፣ ስማቸው አንድ የሆኑትን ደግሞ በድርብ ሰረዝ ደርድር» ብሎ ነው። ድርብ ሰረዝ ለሁሉም ረድፍ አንድ ስለሆነ ሁለተኛው ቁልፍ ከንቱ ነው፤ ማያያዣው ደግሞ ጠፍቷል።

የፖስትግሬስ ሠሪዎች ይህን የገጠማቸው 9.0 ሙሉ በሙሉ ከመውጣቱ በፊት ነበር። በሙከራ እትሙ ላይ ማያያዣ የማይፈልግ፣ አንድ ግብዓት ብቻ የሚቀበል ስትሪንግ_አግም ነበር። በመሆኑም ከላይ ያየነው የተሳሳተ አጻጻፍ በሰላም ይሠራ ነበር፤ ስሞቹን ያለ ማያያዣ አጣብቆ ይመልሳል። ሰዎች ተደናገሩ። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ያደረጉት «ተጠንቀቁ» የሚል ማሳሰቢያ መጻፍ ብቻ አልነበረም፤ ባለ አንድ ግብዓቱን ፈንክሽን ጨርሰው አስወገዱት። ከዚያም አልፈው፣ ከቋቱ ጋር አብረው በሚመጡ የማጠቃለያ ፈንክሽኖች ዘንድ አንድ ስም በተለያየ የግብዓት ብዛት እንዳይኖር መመሪያ አወጡ፤ መመሪያው እንዳይጣስ የሚጠብቅ ፈተናም ጨመሩበት። ዛሬ ያን አጻጻፍ የሚጽፍ ተማሪ ባለ አንድ ግብዓት ስትሪንግ_አግ የለም የሚል መልስ ያገኛል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ሰውን ከመውቀስ ይልቅ ወጥመዱን ነቀሉት። ሆኖም በአሬይ_አግ ላይ፣ አንድ ግብዓት ብቻ ስለሚቀበል፣ ያው ከንቱ ቁልፍ ዛሬም በዝምታ ያልፋል።

ሌላም ዝምተኛ ወጥመድ አለ። በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ኦርደር ባይ 1» ማለት በመጀመሪያው ዓምድ ደርድር ማለት ነው፤ ብዙዎች ለአጭርነቱ ይወዱታል። በፖስትግሬስ በማጠቃለያ ፈንክሽን ቅንፍ ውስጥ ግን ያው 1 ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ለሁሉም ረድፍ እኩል ነውና ምንም አይደረድርም።

አሁን ወደ «ዊዚን ግሩፕ» እንምጣ። ይህ ሐረግ መጀመሪያ የታሰበለት ሥራ ክቡር ነበር። መካከለኛውን ዋጋ እንፈልግ እንበል፤ የአራት ሕፃናት ክብደት በየተራ 40፣ 50፣ 60 እና 90 ኪሎ… አይ፣ ለሕፃናት በዛ፤ የአራት በጎች ይሁን። ፐርሰንታይል_ዲስክ(0.5) ዊዚን ግሩፕ (ኦርደር ባይ ክብደት) ብንል 50 ይመልሳል፤ ፐርሰንታይል_ኮንት ብንል በመካከል ያሉትን ሁለቱን አማክሎ 55 ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚሰላው ክብደት የተጻፈው «ኦርደር ባይ» ውስጥ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። የተራ ሐረጉ ጌጥ አይደለም፤ ግብዓቱ ራሱ እርሱ ነው። በመጀመሪያው ቅንፍ ያለው 0.5 ከሰልፉ የትኛው ቦታ እንደሚፈለግ የሚናገር ነው። «ቁልቁል» የሚለውን ቃል ጨምረን ዲስክን በ0.9 ብንጠይቀው 90 መሆኑ ቀርቶ 40 ይመልስልናል። አንድ ቃል የሰልፉን ራስና ጅራት አገላበጠ። በፖስትግሬስ ደግሞ ራንክ(75) ዊዚን ግሩፕ (ኦርደር ባይ ነጥብ) ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙም «75 ያመጣ ተማሪ ቢጨመር ስንተኛ ይሆን ነበር?» ነው። ሽቅብ መሆኑን የረሳ ሰው ግን አንደኛ የሚወጣው ዝቅተኛውን ነጥብ ያመጣው ነው።

ሊስትአግ ይህንኑ ሐረግ ሲዋስ ነው ነገሩ የተበላሸው። በሊስትአግ የሚያያዘው ነገር ከመጀመሪያው ቅንፍ ውስጥ ነው፤ በ«ዊዚን ግሩፕ» ውስጥ ያለው ተራ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሐረግ በአንዱ ፈንክሽን ግብዓት፣ በሌላው የግብዓት ተራ ሆነ። ስሙም ራሱ አይረዳም። «በቡድኑ ውስጥ» ማለት ነው፤ ሆኖም የማጠቃለያ ፈንክሽን ሁሉ የሚሠራው በቡድን ውስጥ አይደለምን? ጀማሪው ከ«ግሩፕ ባይ» ጋር የሆነ ዝምድና ያለው ይመስለዋል፤ ያለ «ግሩፕ ባይ» ሊሠራ መቻሉን ሲያይ የበለጠ ግራ ይጋባል።

የዚህ አገባብ ደጋፊዎች የሚያነሡት ክርክር ዋዛ አይደለም። ተራው ከቅንፉ ውጪ ስለሆነ ነጠላ ሰረዙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም ይላሉ፤ እውነትም አይነሣም። ያም ሆኖ ሚዛኑ ለእኔ ወደ ውስጠኛው ያደላል። ከቅንፉ ውስጥ ያለው ሁሉ የፈንክሽኑ ነው የሚለውን አንድ ሕግ ተማሪው ከሒሳብ ትምህርቱ ይዞት ይመጣል፤ የነጠላ ሰረዙን ችግር ደግሞ ማይኤስኪውኤል እንዳደረገው ማያያዣውን በቃል በመሰየም ማስወገድ ይቻል ነበር። ማይኤስኪውኤልን በብዙ ነገር የማልከተለው ብሆንም በዚህ አንድ ነገር ከሁሉም ግልጽ ነው። የውጤቱን ርዝመት በነባሪ 1024 ባይት ላይ መቁረጡ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ የእኛ ጽሑፍ 341 ፊደል ላይ ይቆረጣል፤ የሚሰጠው ምልክትም ብዙ ፕሮግራሞች የማያነቡት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።

አራተኛው ቦታ «ኦቨር» ከሚለው ቃል በኋላ ያለው ነው። እዚህ «ኦርደር ባይ» ሌላ ባሕርይ ያመጣል። ሦስት ቀን የተሸጠው 10፣ 20 እና 30 ቢሆን፣ የመደመሪያው ፈንክሽን ባዶ «ኦቨር ()» ሲከተለው በሦስቱም ረድፍ 60 ይሰጣል። ከቅንፉ «ኦርደር ባይ ቀን» ስንጨምር ግን 10፣ 30፣ 60 ይሆናል። ድርደራ ብቻ የጠየቅን መስሎን የስሌቱን ወሰን ለወጥነው፤ ምክንያቱም በደረጃው መሠረት ተራ ሲሰጥ ነባሪው ወሰን ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ አሁኑ ነው። ጽሑፍ በሚያያይዙ ፈንክሽኖችም ይህንኑ ያደረገ ሰው «ሀና»፣ «ሀና፤ ለማ»፣ «ሀና፤ ለማ፤ መሠረት» እያለ የሚያድግ መሰላል ያገኛል።

በዚህ ሁሉ የተሰላቸ ባለሙያ የሚሸሸው ወደ አንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ረድፎቹን በውስጠኛ መጠይቅ አስቀድሞ ደርድሮ ከላይ ማያያዝ። በፖስትግሬስ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የውጪው መጠይቅ ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ ማጋጠም ሲጨምርበት ግን ሊከሽፍ ይችላል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለ ገደብ ቁጥር እንዲህ ያለውን ውስጠኛ ድርደራ አልቀበልም ይላል፤ ማሪያዲቢ ደግሞ ተቀብሎ ችላ ይለዋል። ከሦስቱ የማይክሮሶፍቱን እመርጣለሁ፤ እምቢታው ሐቀኛ ነው። «ሞክሬው ሠርቷል» የሚለው መከራከሪያም እዚህ ዋጋ የለውም። በ20 ረድፍ የተሞከረ ነገር በ20 ሚሊዮን ረድፍ ሌላ የአሠራር መንገድ ይመረጥለታል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2023 በ16ኛው እትሙ ተራ ያልተሰጠውን ስትሪንግ_አግ በበርካታ ሠራተኛ ሂደቶች ከፋፍሎ መሥራት ጀምሯል፤ ዓመታት በአጋጣሚ ተደርድሮ ይመጣ የነበረ ዝርዝር ከዚያ በኋላ ቢዘበራረቅ ተጠያቂው ፖስትግሬስ አይደለም።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ይህን ክፍል ስታስተምሩ የሚያያዘውና የሚደረደርበት ዓምድ ፈጽሞ አንድ የማይሆንበትን ምሳሌ ምረጡ፤ የአክታ ምርመራው አንድ ነው። ረድፎቹንም ቀናቸው ተዘበራርቆ አስገቧቸው፤ በቀን ተራ የገባ ሠንጠረዥ የተማሪውን ስሕተት ይሸፍንለታል። ቀኑ «ቀን/ወር/ዓመት» ተብሎ በጽሑፍ የተቀመጠበት ሠንጠረዥም ቢጨመር መልካም ነው። በዘመን አቆጣጠራችን የተጻፉ ቀኖች በብዙ ቦታ የሚቀመጡት በዚህ መልክ ነውና፤ ጽሑፍ ሆነው ሲደረደሩ 10ኛው ቀን ከ2ኛው ይቀድማል፣ ወርና ዓመት ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ስምን በስም መደርደርም ቢሆን ለእኛ ያን ያህል ቀላል አይደለም። ፊደሎቻችን በዩኒኮድ የተሰጣቸውን ቁጥር ተከትለው ሲደረደሩ «ሃይሉ» ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይመጣል፤ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈው ወንድሙ ግን ለማን፣ መሠረትን፣ በቀለንና ተስፋዬን አሳልፎ ከ«ነ» በፊት ይሰለፋል። «ሠናይት» ከረታ ትቀድማለች፤ «ሰናይት» ትከተለዋለች። መሣሪያው የ«ሀ ለ ሐ መ»ን ተራ በትክክል ጠብቋል። ሁለቱን አጻጻፍ እንደ አንድ የሚቆጥር የድርደራ ደንብ ከተፈለገ ደንቡ የሚጻፈው እዚያው ከቅንፉ ውስጥ፣ ከ«ኦርደር ባይ ስም» አጠገብ ነው፤ በመጠይቁ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ደንብ እዚያ ድረስ አይደርስም።